ሁሉም በአንድ መዝገብ፣ ይሁኔ በፍላሽ

«ትናንት የነበረ ፊደል ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ መምህርት እታገኝ።

እንጅባራ ካለችው የጽሕፈትና የኅትመት ቤቴ ጠረጴዛ ማዶ ቆማለች። ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችው የአውኚ ቋንቋ ማንበቢያ መጽሐፍ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል፤ በየቃሉ መሃል ግን ፊደል ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። እስከ ስድስት ሰዓት ታትሞ ለግምገማ ካልገባ የዘንድሮ ተማሪ አያየውም።

ምን ነካው? ቅናት ነካው። ይህን ግን አልነገርኳትም። ቀናተኛ ሰው ከኮምፒውተር ይራቅ የምለው ለዚህ ነው።

ጎረቤቴ ይሁኔ የእኔኑ ሥራ ይሠራል፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ማሽኑ ያረጀ ነው፤ ግን ከእኔው ማሽን ቀድሞ ይነሣል። ይህንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት እታገኝ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ እሱ ዘንድ ገብታ ስትስቅ መስማቱን ነው። ፎቶ ኮፒ ምኑ ያስቃል? እኔ ስንት ዓመት ሳነሣ አንድ ሰው ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም።

እናም ትናንት ኮምፒውተር ያፈጥናል የተባለ ማጽጃ ፕሮግራም ጫንኩ። የእኔ ማሽን የሁሉን ፕሮግራም ቅንብር የሚያስቀምጠው አንድ መዝገብ ውስጥ ነው፤ የፕሪንተሩን፣ የፊደሉን፣ እታገኝ ሁለት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጣ በየቁልፉ ያስደረደረችኝን የአውኚ ሆሄ ጭምር። የአገሩን እህል ሁሉ በአንድ ጎተራ ከትቶ አይጥ መልቀቅ ማለት ይህ አይደለም? ማጽጃው ቅጂ ልያዝልህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ማን ጊዜ አለው? ቆሻሻ ነው ባለኝ ቁጥር እሺ እያልኩ ተጫንኩለት። ዛሬ ፊደሉን እንደገና እንዳላወርድ ኔትወርክ የለም። ፕሪንተሩ ደግሞ እኔን ጨርሶ አያውቀኝም።

የይሁኔ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው ቅንብራቸውን በየራሳቸው ትንሽ ፋይል ይዘዋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይሰማም። እሱም እነዚያን ፋይሎች በፍላሽ ይዞ ይዞራል። ጨውን ለብቻ፣ በርበሬን ለብቻ እንደሚቋጥር የዳንግላ ገበያተኛ ነህ እያልኩ እስቅበት ነበር። ባለፈው ወር የአውኚውን ፊደል አውሰኝ ሲለኝም እየሳቅሁ ሰጥቼዋለሁ።

እታገኝ ሰዓቷን አየች። ይሁኔ ዘንድ እንሂድ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ወረቀት ይበላብሻል አልኳት። ሰዓቷን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። አፈርኩና ጽሑፉን በፍላሽ ይዤ ራሴ ወሰድኳት።

ይሁኔ ምን ሆነህ ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ እሱ ይብሳል። ሆሄው ሁሉ በየቦታው ወጣ። ገጾቹን ሳይቀር ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው መጽሐፉ ተጠረዘ። ውጭ ዝናቡ መውረድ ጀምሯል። ይሁኔ ጃንጥላውን አነሣ።

«መምህርትን ላድርሳትና አብረን እንመለሳለን» አለኝ። «ደንበኛ ከመጣ አንተ አስተናግድልኝ፣ ጌታው። ማሽኑን ለምደኸዋል።»

እታገኝ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጃንጥላው ሥር ገባች። ይሁኔም ዝናቡ እንዳይገባብኝ ብሎ በሩን ከውጭ ሳብ አድርጎ ዘጋው።