ጋቢናው የማን ነው?

ላም ልግዛ ያለ ሰው ስለ ላም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ሰዉ ጥርሷን አሳይቶኝ፣ ጡቷን አስነክቶኝ፣ ያልኩትን ሰምቶ ነው ሒሳቡን የሚከፍለው። አንዳንዴም ሰምቶ ሲያበቃ ያልኩትን ትቶ። መኪና ሲሆን ግን አዋቂ አይፈለግም፤ ሁሉም አዋቂ ነው። በዕድሜው ከባጃጅ ሌላ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ስለ ሞተር ጉልበት ሲያስተምራችሁ ይውላል። እናንተም ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ፣ ታላቃችሁ ነው። ከፋዩ አንድ፣ መራጩ ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

እኛ ቤት ከፋይዋ ሐዋ ነበረች። ሐዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ከአስር ዓመት በላይ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች። መራጮቹ ደግሞ እኛ ነን፤ ውጫሌ ገበያ እህል የሚነግደው ታላቅ ወንድማችን ሁሴን፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአምባሰል ሥር ካለው ቀዬአችን ወርደው ሐይቅ ከተማ ከእኔ ጋር የሚኖሩት አባባ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ እነዳ ስለነበር ሹፌርነት የተወሰነብኝ እኔ። እንዲገዛ የተባለው «መካከለኛ የቤተሰብ ኤስዩቪ» ነው። ስሙን ያመጣው ደላላው ነው። መካከለኛ ማለት፣ በኋላ እንደገባኝ፣ ለአስፋልቱ የሚተርፍ፣ ለአምባሰል ዳገት የሚያንስ ማለት ነው። ቤተሰብ ሲል ደግሞ ፋብሪካው ያሰበው ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጅ፣ ግፋ ቢል አንድ ውሻ ነው። የእኛን ዘመድ አዝማድ መጥቶ አላየም።

ሐዋ ስልክ ደወለችልኝ፤ ለእኔ ብቻ።

«አንድ ነገር ነው የምለምንህ ወንድምዓለም። ቀለሟ የፈለገው ይሁን፤ አሮጌም ትሁን። ሦስተኛ ወንበር የሌላት ትሁን።»

«ከኋላ የምትታጠፈዋን ነው?»

«እሷን ነው።»

ለምን አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ነገረችኝ። «አስር ዓመት የሰው ማጅራት ሳይ ኖርኩ። ከተማው ምን ይመስላል ብትለኝ አላውቀውም። መዳም ከፊት፣ ልጆቹ መሀል፣ እኔ ከልጅ ጋሪውና ከፌስታሉ ጋር ከኋላ። መስኮቱ አይከፈት። ልጁ ባስመለሰው ቁጥር እላዬ ላይ ነው። ወላሂ ሌላ አላማረኝም፤ በገዛ መኪናዬ ጋቢና ቁጭ ብዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ከኮምቦልቻ ሐይቅ ድረስ መንገዱን ከፊት እያየሁ ልግባ። ከዚያ ወዲያ የፈለገ ይቀመጥባት። ግን አደራ፣ ለአባባ እንዳትነግር። አሠሪዎቼ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ ብያቸዋለሁ።»

«መርሐባ፣ እሺ» አልኳት። ቀላል ነገር ነበር የጠየቀችው። ሰው በሊትር ስንት ትሄዳለች፣ መለዋወጫዋ ይገኛል ወይ፣ ነው የሚለው፤ እሷ የለመነችኝ አንድ ወንበር እንዲቀር ብቻ ነው።

ምርጫው እኔ ቤት ተካሄደ። ሁሴን የስልኩን ፎቶ በጣቱ እየገፋ ከመሬት ያላትን ከፍታ፣ የጎማዋን ስፋት፣ የጣሪያዋን ብረት ተነተነ። የሚስቱ ወንድም ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ብሎ ሊያስረዳን ሲጀምር መብራት ሄደና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በመጨረሻ ሁለት መኪና ቀሩ፤ አንዷ ባለ አምስት ወንበር፣ አንዷ ባለ ሰባት።

«ሐዋ ባለ አምስቷን ነው ያለችው» አልኩ።

«ሐዋ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» አለ ሁሴን፤ በክፋት አይደለም፣ ሰላምታ የሚሰጥ ያህል ነው ያለው። «ለምንድን ነው ባለ አምስት?»

እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ፤ አደራ አለብኝ። «እንዲሁ ደስ ብሏት» አልኩ። እንዲሁ ደስ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ በተለይ ለሴት ልጅ። አባባ የሚቆጥሩትን ሙስባሃ አስቀመጡና «ሰው ቆሞ እያያችሁት ጥላችሁት ልታልፉ ነው? ቦታ ያላት ትሁን እንጂ» አሉ። አባባ ከተናገሩ በኋላ የሚቀረው ሊብሬውን ማዞር ብቻ ነው። ባለ ሰባቷ ተገዛች። ሁሴን የወንበሮቹ ላስቲክ እንዳይነሳ አዘዘ፤ በሙቀት ጊዜ ሰው ከመኪናው ሲወርድ እንደ ፕላስተር እየተላቀቀ ነው።

ሦስተኛዋን ወንበር አይታችኋት ታውቃላችሁ? መካከለኛ መኪና ላይ ያለችውን ነው የምላችሁ። ፋብሪካው ሰባት ሰው ትይዛለች ለማለት ያህል የሰካት እንጂ ሰው ይቀመጥባታል ብሎ አይመስለኝም። ጉልበት ከአገጭ ይገናኛል፤ ጣሪያው ጭንቅላት ይነካል፤ መስኮቷ የምትከፈት አይደለችም። ለመግባት መካከለኛውን ወንበር አጥፎ፣ ራስንም አጥፎ ነው።

ሐዋ ለሦስት ወር ፈቃድ መጣች። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልናት አምስት ሆነን ነው፤ አባባ፣ ሁሴን፣ ሚስቱ፣ አክስታችንና እኔ። ከለቅሶውና ከሳቁ በኋላ መኪናዋን ዞረቻት። ኮፈኗን ዳሰሰች፣ የጎኗን መስታወት በሻሿ ጠረገች፣ «ማሻአላህ» አለች፣ የኋላውን በር ከፈተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጎማውን አየሁ።

አባባ ጋቢና ገቡ፤ አባት ከኋላ አይቀመጥም። አክስታችን ወገቧን ያማታል፣ መሀል። የሁሴን ሚስት ነፍሰ ጡር ነች፣ መሀል። ሁሴን ሁሴን ነው፣ መሀል። «ሐዋ ቀጭን ናት፣ ትችለዋለች» አለ ሁሴን፤ በፍቅር ነው ያለው፣ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሐዋም እየሳቀች፣ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለች ተጣጥፋ ገባች። ሻንጣዋን አቀፈች። ሐይቅ እስክንገባ በመስታወቱ ያየሁት ግንባሯን ብቻ ነው።

በቀጣዮቹ ሳምንታት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋቢና ማን እንደሚቀመጥ የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። በሽተኛ ካለ በሽተኛ ይቀመጣል። ሽማግሌ ካለ ሽማግሌ፣ ሼህ ካሉ ሼህ፣ ቄስ ካሉ ቄስ፣ አማች ካለ ደግሞ አማች ከሁሉም ይቀድማል። ባለቤት የሚባል ተራ ግን የለም። እንዲያውም ባለቤት መጨረሻ ነው፤ ባለቤት ፊት ተቀምጦ እንግዳ ኋላ ካስቀመጠ ስሙ ከመኪናው ቀድሞ ውጫሌ ይደርሳል። እኛ ሰው ስናከብር የምናከብረው የራሳችንን ሰው ወደ ኋላ እየገፋን ነው። ይህን መልካም ጠባይ ብለን ልጆቻችንን እናስተምራለን፤ ሐዋም ተምራዋለች፣ ከማንኛችንም በላይ።

አንድ ቀን ግን ተሳክቶልን ነበር። ሁሴን ጋ የሚደርስ ዕቃ ነበረና እኔና እሷ ብቻ ወደ ውጫሌ ተነሳን። ለመንገዱ ለብሳለት መጣች፤ መነጽር ሳይቀር አድርጋለች። ጋቢና ገባች። የአባባን ልክ የያዘውን ወንበር ወደፊት ሳበችው፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው፣ ክንዷን አወጣች። እንዲህ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ አራት ሽማግሌዎች እጅ አነሱ። ውጫሌ ቀብር ሊደርሱ ነው። ከፊት የቆሙት መሪጌታ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ገዳም በእግራቸው ወጥተው፣ ከሦስት የሙስሊም ሽማግሌዎች ጋር መኪና የሚጠብቁ። ማለፍ አይቻልም። ማለፍ እንደማይቻል እግሬ ከእኔ ቀድሞ አውቆ ፍሬኑን ረገጠ።

ሐዋ ወርዳ በሩን ያዘች። «ይግቡ አባ።»

«የለም የለም ልጄ፣ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ኋላ ይበቃኛል» አሉ መሪጌታ። ከልባቸው ነው።

«ወላሂ አይሆንም፤ አንቱን ኋላ አስቀምጬ እኔ ፊት?»

«በእናትሽ ተይ።»

«በአላህ ይግቡልኝ።»

ሞተሩ እየሠራ፣ ፀሐዩ እየጋለ፣ ይሄ ግቡ ግቡ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመሀሉ እኔ አንድ ቃል ማለት እችል ነበር። «መሪጌታ፣ ዛሬ ልጅቷ ትቀመጥ» ብል የሚቀየመኝ ሰው አልነበረም፤ ሰውየው ራሳቸው ይህንኑ እያሉ ነው። አላልኩም። መሪውን ይዤ ጨዋታው በሚገባው መንገድ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። መሪጌታ ተሸንፈው ጋቢና ገቡ፣ ሦስቱ መሀል ሞሉ፣ ሐዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ ኋላ ተጣጠፈች። ሽማግሌዎቹ እስከ ውጫሌ ሲመርቋት ሄዱ። እግዜርም አላህም አንድ ላይ የተለመኑላት ልጅ ናት፤ የሚሰማ ካለ።

ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ «ሐዋ...» ስል «አፉ ብዬሃለሁ» አለችኝ፤ ገና ሳልጀምር። ይቅር ሲሉት የሚብስበት ሰው አለ። እኔ ነኝ።

ሦስቱ ወር እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። ሰርግ ሄድን፣ ከኋላ። የሁሴን ሚስት ለመውለድ ደሴ ስትወሰድ፣ ከኋላ። የመመለሻዋ ቀን ደረሰና ወደ ኮምቦልቻ ልንሸኛት ስንነሳ ግን ቆርጬ ነበር። ምን እንደምል ፊቴን ስታጠብ ተለማመድኩት። ስወጣ አባባ ከጎህ ጀምሮ ጋቢና ቁጭ ብለዋል፤ ሐዋ ከኋላ፣ ሻንጣዋን አቅፋ። መሀሉን ሁሴን ብቻውን ተንሰራፍቶበታል።

«ሐዋ፣ ዛሬ እንኳ ፊት ነይ» አልኩ፤ ድምፄ ከተለማመድኩት ቀጠነብኝ።

አባባ ዞር አሉ። እግራቸውን ወደ በሩ ሲያሸሹ አይቻለሁ። እሷ ግን ቀደመቻቸው፤ «ወላሂ አይወርዷትም አባባ። ይመችዎት። እኔ እዚሁ ደህና ነኝ።» አባባ እግራቸውን መለሱ። ሁሴንም «ተዋት እንግዲህ፣ ለምዳዋለች» አለ። ምን እንዳለ አላወቀም። አስነሳሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የአባባን ጉልበት ሳመች፤ እኔን አቅፋ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ገባች። ዞር ብላ አላየችም፤ ከዞረች እንደማትሄድ ታውቃለች።

ወደ መኪናው ስንመለስ አባባ የኋላውን በር ከፈቱ።

«አባባ፣ ጋቢናው በዚህ በኩል ነው» አለ ሁሴን።

«ተወኝ ልጄ። እሷ ሄደች አይደል?» አሉና መሀል ገብተው ተደላድለው ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ። «ከመጀመሪያዪቱ ቀን ጀምሮ ሆዴን ሲያገላብጠው ነው የከረመው፤ ያ ፊት ያለው ነገር። ተሳቢው ሁሉ እኔ ላይ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ። ፀሐዩስ። የሐረጎን ቁልቁለት በወረድን ቁጥር ሸሃዳ እያልኩ ነው የምጨርሰው።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም ነበር?» አልኩ።

«እንዴት ብዬ? ልጅቱ በሰው አገር ለፍታ ያመጣችው ነው። አባቴን ፊት አስቀመጥኩት ብላ ደስ ይበላት ብዬ ቻልኩት እንጂ። ልጅ የሚኮራው በዚህ አይደል?»

ሁሴን አባቱን ከኋላ አስቀምጦ ፊት መሆን ነውር ስለሆነበት እሱም ዞሮ ከጎናቸው ገባ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጋቢናው ባዶ ነበር፤ ላስቲኩ በፀሐዩ ያንፀባርቃል። የሐዋን አደራ አሰብኩ። ያን ሁሉ አስር ዓመት ላወጣው፣ ሦስተኛዋን ወንበር ላወጣው፣ ነዳጅ ማደያውን ላወጣው አፌን ከፈትኩ። በመስታወቱ ሳያቸው አባባ ፈገግ ብለው ከውጭ ያለውን ገደል ያያሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱ ተመችቷቸዋል።

«ደስ ብሏት ነው የሄደች፣ አይደል?» አሉኝ።

«በጣም እንጂ አባባ» አልኩ።