የሳሎናችን ድልድይና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይሆናል? አንዱ ቤተ ክርስቲያን ያዘወትራል፣ አንዱ የዕድር ሰብሳቢ ይሆናል፣ ሌላው በረንዳው ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባል የለ? እኔ ቆብ የለኝምና ድልድይ እሠራለሁ። ለአሻንጉሊት ባቡር። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም።

ልጄ ሕሊና ናት ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ገዝታ የሰጠችኝ። ሐዲዱ ክብ ነው። ባቡሩ ዝም ብሎ ወለል ላይ ሲዞር አሳዘነኝና ከሥሩ የእንጨት ድልድይ ልሥራለት አልኩ። ቀጥ ያለ ድልድይማ ማንም ይሠራል፤ የታጠፈ ሲሆን ነው ጉዱ። የአይስክሬም እንጨት ሰንጥቄ፣ በኮላ አጣብቄ፣ እግሮቹን ኮምፔርሳቶ ላይ ዙሪያውን ሳቆማቸው ግማሹ ወደ ውስጥ ያያል፣ ግማሹ ወደ ውጪ። ስድስት ወር እንዲህ ስንተያይ ከረምን። ሲያልቅ ደግሞ በሳሎኑ በር አልወጣ አለ።

ይህን ያወቅነው ሕሊናን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ነው። ባለቤቴ በሩን አየች፣ ድልድዩን አየች፣ እኔን አየች።

«በመጋዝ ለሁለት ቁረጠው» አለች።

አንጀቴ አልቻለም። አንሶላ ብናለብሰው አስከሬን መሰለ፤ መልሰን ገለጥነው። ሕሊና የሚያገባትን ልጅ አራት ዓመት ጠብቃዋለች። «አባዬ፣ በናትህ፣ ዛሬ እንኳ ስለ ድልድዩ አታውራ» ብላ ለመነችኝ። ማልኩላት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ስል፣ እነሱም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እንግዲህ የቆመ ሰው ዓይኑን የት ያድርገው? የልጁ አጎት፣ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ጎንበስ ብለው ድልድዩን አዩት።

«ኩርባው ላይ ውጪው ዝቅ ብሏል። ይሄ ባቡር ይገለበጣል» አሉ።

«ኧረ ልኩ ነው» ብዬ ባቡሩን ለቀቅኩት። ተገለበጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ብቻ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወለሌ ላይ ተንበርክከው ስለ እግር ቁመት ሲከራከሩ ትዝ ይለኛል። ዋናው ሽማግሌ ጣታቸው ኮላ እንደነካ ቀና ብለው አዩኝ።

«ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ዞሮ እዚያው ይመለሳል።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳል?»

እኔም አሰብኩ። እሳቸውም አሰቡ፣ አሰቡና ወደ ኮላቸው ተመለሱ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መርቀውኝ፣ ተቃቅፈን ተለያየን። ሕሊና ከጓዳ ብቅ አለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ቆማ ነበር።

«ምን አሉ አባዬ?»

«ውጪው ከፍ ይበል አሉ።»

የገባኝ ፊቷን ሳየው ነው። ልጄን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልመለስኩም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እሷ ግን ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ ወጣች። ዘነበወርቅ ፌርማታ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ ደርሳባቸው፣ ምን ብላ እንደነገረቻቸው እንጃ፣ ሦስቱንም ከፊቷ አድርጋ መለሰቻቸው። ገብተው እንደገና ቆሙ። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን...» ከማለታቸው «ሰጥቻለሁ» አልኩ።

በወጉማ «አስብበታለሁ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነበረብኝ። ግን የሚመለሱት ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም።