አርዲቦ ዳር የተተከለው ድንኳን

እናንተዬ፣ ፍልስፍና የተማረ ሰው ምን ሥራ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እኔም ስመረቅ አላውቅም ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ሐይቅ ከተማ ገባሁና የሥነ ዜጋ መምህር ሆንኩ። ተማሪዎቼ ስለ ሕይወት ትርጉም አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ፈተናው ምርጫ ነው ወይስ ጽሑፍ ብለው ነው።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደወለና «ፈላስፋ እንፈልጋለን» አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አስደገምኩት፤ ደስ ይላላ! አርዲቦ ሐይቅ ዳር ፌስቲቫል ሊያደርጉ ነው። ገንዘብ የለም፤ ሁሉም ያለውን በስጦታ ይሰጣል። አለቃ የለም። ተመልካች የለም፤ የመጣ ሁሉ ተሳታፊ ነው። ከማኅበረሰብ ሸሽተን ነፃ ሰዎች እንሆናለን አለኝ። ገንዘብ ወደሌለበት ቦታ ለመግባት የመግቢያ ክፍያ እንዳለ የነገረኝ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ተናጋሪ ስለሆንኩ በነፃ ነው የምገባው። እግዜር ይስጠው።

የኔ ድርሻ ይህ ሁሉ ከፍልስፍና ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ማስረዳት ነበር። ማገናኘት ምን ይቸግራል? የተማርኩት እሱን አይደል! በርሜል ውስጥ ይኖር የነበረውን ግሪካዊ ፈላስፋ አዘጋጀሁ፤ ንብረት የሌለው ሰው ንጉሥ አይፈራም የሚል ነገርም ጨመርኩ።

በዕለቱ ስደርስ ሐይቁ ዳር ሰፊ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ለፌስቲቫሉ የመጡት ልጆች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ግማሾቹ ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ፊታቸው ላይ አመድ ነስንሰዋል። አሁን ይሄን ያየ የወሎ ሰው ምን ያስባል? እኔ ግን ምንም አላሰብኩም። ሐሳቤ በርሜሉ ላይ ነበር።

ከድንኳኑ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት የዚያኑ ዕለት ደቦ ጠርተው ነበር። ጤፋቸው ደርሷል። ከአምባሰል ተራሮች በኩል ደግሞ ዳመና እየመጣ ነው። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው አለቀለት፤ የእሳቸውና የልጆቻቸው የዓመት ቀለብ ያ ማሳ ብቻ ነው። ደቦኛው ማጭዱን እንዳነሳ አንዱ ቁልቁል ሲያይ ድንኳን! ጥቁር ልብስ! የተላጨ ራስ!

እኛ ዘንድ ቅሬ የሚባል ነገር አለ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሰው ከሞተ እርሻ ላይ ማንም አይውልም። ማን ሞተ ተብሎም አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይኬዳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ማጭዱ ተቀመጠ። ለደቦው የተሠራው ምግብ ወደ ለቅሶ ቤት ዞረ።

እኔ «ማኅበረሰብ ሰንሰለት ነው» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ዋይታው ገባ። ልጆቹ በደስታ ሊሞቱ ደረሱ። የአካባቢው ሕዝብ ትርኢት ይዞ መጣ ተባለ። አንዷ ልጅ አንዲት አልቃሽ አቅፋ አብራ ማልቀስ ጀመረች፤ እውነቴን ነው፣ ከባለቤቶቹ በላይ አለቀሰች።

የቅሬው ዳኛ አያ ይማም ያውቁኛልና ጠጋ ብለው «መምህር፣ ሬሳው የታለ?» አሉኝ። አዘጋጁን ጠየቅሁት። የሞተው የእያንዳንዳችን አሮጌ ማንነት ነው አለኝ። እኔም እንደወረደ ነገርኳቸው።

«ሁሉም ናቸው የሞቱት?»

እንደዚያ በሉት አልኳቸው። የእትዬ ዘይነባን እንጀራ የሚጠቀልሉትን ልጆች አየት አደረጉና «ለመብላቱ ግን ደህና ናቸው» አሉ።

እትዬ ዘይነባ አልሳቁም። ዳመናውን ቀና ብለው አዩና «ያረቢ፣ ጤፌ!» ብለው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ለቅሶ ሁሉ እውነተኛው የሳቸው ነበር። እኔም በርሜሉን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አያ ይማም የነዚህ ሰዎች ሕግ ምንድነው አሉኝ። ገንዘብ የለም፣ ያለውን የማይሰጥ የለም፣ ተመልካች የለም አልኳቸው። ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሕጋችሁ ጥሩ ነው፣ እኛም ሌላ ሕግ የለንም አሉ። ደቦው በእናንተ ድንኳን ምክንያት ተፈቷል፤ እጅ ደግሞ አላችሁ። ማጭድ ይታደል አሉ። አዘጋጁ ይህ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም ሊል ሞከረ። አለቃ የለንም ካላችሁ ማንን ላስፈቅድ ብለው ማጭድ አስጨበጡት።

ታጨደ። ግን እንዴት ያለ አጨዳ! አንዱ ጤፉን እንደ ሕፃን ፀጉር ያሻሸዋል። ሌላው ከመቁረጡ በፊት ይቅርታ ይጠይቀዋል። እኔ ያሰርኩት ነዶ ሁሉ ይፈታል፤ አንዲት ሴት ከኋላ ከኋላዬ እየመጣች ታስራለች። ቢሆንም እጅ በዛ። የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሸራ እንደለበሰ ዝናቡ ለቀቀው። ድንኳኑ ተደረመሰ፤ ልጆቹ ተበትነው በየሰዉ ቤት ገቡ።

ካባራ በኋላ እትዬ ዘይነባ ቤት ተሰበሰብን። አዘጋጁ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ንግግር አደረገ። ከማኅበረሰብ ሸሽቶ፣ ያለ ገንዘብና ያለ አለቃ መኖር እንደሚቻል ዛሬ አረጋገጥን አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዲግሪ አለኝ እኮ።

እትዬ ዘይነባ ወደኔ ጠጋ አሉና ከምንድነው የሸሹት አሉኝ በሹክሹክታ።

«ከማኅበረሰብ» አልኳቸው።

ከንፈራቸውን መጠጡ። አዘኑላቸው።

«ምስኪኖች! አብሽሩ በላቸው» አሉ። «ከነገ ወዲያ የአያ ይማም ደቦ ነው፤ እንዳይቀሩ።»