የምዜ ማቻኖ ጨረቃና የወጥ ቤቱ አምፖል

የሰው ልጅ ነፍስ ከባድ አደጋ ላይ በወደቀችበት በዚያ ወራት፣ ነፍስን የማዳኑ ታላቅ ኃላፊነት ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ተመርጦ በእኛ በማሊንዲ ሰፈር የታራብ ዘፈን ክበብ ትከሻ ላይ አረፈ። ዛንዚባር ውስጥ ሌላ ክበብ ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኛም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረንም፤ ስብሰባ ላይ ነበርን።

አደጋው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ ግጥሙንም ዜማውንም ከነቫዮሊኑ ሠርቶ የሚያቀርብ ነገር በስልክ መጥቷል ተባለ። ወሬውን መጀመሪያ ስንሰማ ስቀን አለፍነው። በኋላ ግን በጎረቤት ሰፈር አንድ ትልቅ ሠርግ ተደገሰና ሙሽሪትን ያስገቧት በዚሁ በስልክ ዘፈን ሆነ፤ እኛን የጠራን አልነበረም። የሰው ልጅ ነፍስ አደጋ ላይ መሆኗን በእርግጠኝነት ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

በአስቸኳዩ ስብሰባ ላይ የክበባችን የዘፈን ደራሲ ምዜ ማቻኖ ፋኪ ንግግር አደረጉ፤ «ምዜ» እኛ ዘንድ የሽማግሌ መጠሪያ ነው። ምዜ ማቻኖ ሠላሳ ዓመት የዘፈን ደራሲያችን ሆነው ኖረዋል። አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ ጎን ካለው ምሰሶ አጠገብ ያለችው የሸምበቆ ወንበር የእሳቸው ናት፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥባት ሁላችንም ዝም ብለን እንዲነሣ እንጠብቃለን። ያን ቀን ቆመው «ማሽን አንጀት የለውም» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። «አንጀት የሌለው ፍጡር ደግሞ የሰው አንጀት ሊበላ አይችልም» ብለው ጨመሩ። እኔ የክበቡ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ፤ መጀመሪያ ተነሥተው ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ፤ የሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትርጉም እስካሁን ግልጽ ባይሆንልኝም።

በዕለቱ «የሰብዓዊ ነፍስ ጥበቃና የዘፈን ንጽሕና ማረጋገጫ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ደንቡን ያረቀቁት ራሳቸው ምዜ ማቻኖ ናቸው። ማንኛውም ዘፈን በክበቡ መድረክ ከመቅረቡ በፊት ከሰው አንጀት መውጣቱ ይረጋገጣል፤ ዘፈኑ የማሽን ሆኖ የተገኘበት ደራሲም የደራሲነት ስሙንና የሚቀመጥበትን ወንበር ያጣል ይላል ደንቡ። የወንበሩን ነገር ለምን እንዳስገቡት ሲጠየቁ፣ ቅጣት የሚሰማ መሆን አለበት አሉ።

የቀረው በምን እናረጋግጥ የሚለው ነበር። ቃኑን የሚባለውን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ የሚመቱት ሽማግሌ «እኔ ካለቀስኩ ዘፈኑ የሰው ነው» ብለው ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ኳስ ሲያዩም ስለሚያለቅሱ ተቀባይነት አላገኘም። መፍትሔ የተገኘው ከሊቀ መንበራችን ከኡሲ ኮምቦ ነው። ኡሲ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም ናቸው፤ ያልተፈተሸ ነገር ሲያልፍ ያማቸዋል። አንድ ዘመዳቸው፣ ዘፈን ሲሰጡት «ይህ የሰው ነው፣ ይህ የማሽን ነው» ብሎ የሚለይ ነገር በኮምፒዩተራቸው ላይ ጭኖላቸዋል። ሰው መሆናችንን የሚያረጋግጥልን ማሽን ተገኘ ማለት ነው። በሙሉ ድምፅ አጸደቅነው፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ለምረቃው ምዜ ማቻኖ በየሠርጉ የሚዘፈነውን፣ ከሥራቸው ሁሉ ይበልጥ የሚወደደውን ዘፈን በፈቃዳቸው አቀረቡ። ኮምፒዩተሩ ጥቂት አሰበና ውጤቱን አወጣ፤ ዘጠና ሰባት ከመቶ ማሽን።

«ገና ስላልሞቀ ነው፤ ይደገም» አሉ ምዜ ማቻኖ።

ተደገመ። ሌላ ዘፈን ተሰጠው፤ ባሰበት። ሦስተኛው ላይማ ኮምፒዩተሩ ማሰብም አላስፈለገው። ኡሲ መነጽራቸውን አድርገው ምክንያቱን አነበቡ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አስቀድሞ ይታወቃል ይላል፤ ጽጌረዳ ካለ እሾህ ይከተላል፣ ጨረቃ ካለ እንባ።

«ታዲያ ከጨረቃ በኋላ ምን ላምጣ?»

«እኔ የጉምሩክ ሰው ነኝ ምዜ። ያመጣኸውን ነው የምፈትሸው።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ኮምፒዩተሩ የነገረን ነገር አዲስ አልነበረም። በምዜ ማቻኖ ዘፈን አዳራሹ ሁልጊዜ ከዘፋኟ ቀድሞ ስንኙን ይጨርሳል። እሳቸው ይህን ባዩ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር፤ ፍቅር መስሏቸው። ቫዮሊኑንም እኔ ወደ ውጭ እያየሁ ስጫወተው ኖሬያለሁ።

ደግሞም ታራብ በእኛ አገር እጅን አጣጥፎ የሚሰማ ነገር አይደለም። ቂም ያላት ሴት የምትጠብቀው ስንኝ አላት። ስንኙ ሲደርስ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፤ የገንዘብ ኖት ከፍ አድርጋ ይዛ በዝግታ እየተወዛወዘች ወደፊት ትመጣለች፤ ባለጋራዋ ፊት ስትደርስ ትቆማለች። ዘፈኑ ለማን እንደተላከ አዳራሹ ሁሉ ይረዳል። ከዚያ ገንዘቡን ለዘፋኟ ሰጥታ አንገቷን ቀና አድርጋ ትመለሳለች። በቅርብ ዓመታት ግን በምዜ ማቻኖ ዘፈን ላይ የሚነሡት ሴቶች ጭማቂ ሊገዙ የሚወጡት ብቻ ሆነው ነበር።

ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ ጊዜ ሰጣቸው። ለኢድ ማግሥቱ ዝግጅት አንድ አዲስ ዘፈን ይዘው ይቀርባሉ፤ የሰው ከሆነ ወንበሩ ይጸናላቸዋል፣ የማሽን ከሆነ ራሳቸው ያረቀቁት አንቀጽ ይፈጸምባቸዋል። ምዜ ማቻኖ በዚያ ቀን ሲወጡ የወንበሯን መደገፊያ በእጃቸው ዳበስ አድርገው ነው የሄዱት። አንጀቴን በሉት፤ ምስክር ነኝ።

ቤታቸው ገብተው ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ወዲህ ባለው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ጽጌረዳን ተዉ፤ ጨረቃን ተዉ፤ ባሕርን፣ ልብን፣ እንባን አንድ በአንድ ሰረዙ። ሲጨርሱ በእጃቸው የቀሩት ቃላት «እና» እና «ግን» ብቻ ነበሩ። ቀናት አለፉ፤ ከሁለቱ ቃላት ዘፈን አልወጣም። በመጨረሻ የጠላትን ኃይል ማወቅ ያስፈልጋል ብለው ለራሳቸው አስረዱና ያንን ዘፈን ሠሪ ነገር በስልካቸው ላይ አስጫኑ። ስለላ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስልኩ በትሕትና ተናገረ። «ዘፈኑ ስለ ምን ይሁን? እውነት የሆነ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ እየሰማሁ ነው።»

ምዜ ማቻኖ ደነገጡ። በሠላሳ ዓመት የደራሲነት ዘመናቸው እውነት የሆነ ነገር ንገረን ያላቸው ሰው አልነበረም። የሚነግሩትን ሲፈልጉ ከመጋረጃው ወዲያ ሚስታቸው ቢ ዙወና፣ ማለትም ወይዘሮ ዙወና፣ ቁጣዋን ጀመረች። የወጥ ቤቱ አምፖል ከረመዳን በፊት ነው የተቃጠለው። ቢ ዙወና ደግሞ ነገር አያልፋትም፤ የማሊንዲ ዓሣ ነጋዴዎች ስትመጣ ሲያዩ ዋጋውን ቀድመው ይቀንሳሉ።

«ለከተማው ጨረቃ ስታከፋፍል ዕድሜህን ጨረስክ፣ እኔ አንድ አምፖል አጥቼ ዓሣ በዳበሳ ልቀቅል! ለሰው ደጅ ጽጌረዳ፣ ለኔ ቅርፊት! ስጠይቅህ ነገ፣ ስጠይቅህ ነገ!»

ምዜ ማቻኖ እንደ ወትሯቸው ፊታቸውን ወደ መጋረጃው ሳያዞሩ «እሺ፣ እሺ» አሉ። በዚህ ጩኸት መካከል እንዴት ተደርጎ ይፈጠራል ብለው ተነሡና ደጃፍ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ሲያዩ ቆዩ። ስልኩ ምንጣፉ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ቢ ዙወና አንዴ ከጀመረች ቶሎ አትጨርስም።

ሲመለሱ ዘፈኑ ተሠርቶ ጠበቃቸው።

ጨረቃን አውርደህ ለከተማው አደልክ፤
የኔን አንድ አምፖል ግን ነገ ነገ እያልክ፤
ለሰው ደጅ ጽጌረዳ ስትተክል ውለህ፣
ለኔ የዓሣ ቅርፊት ይዘህ ትመጣለህ።

እየደጋገሙ አነበቡት። ማሽኑ ይህን ከየት አመጣው? ነገሩ የሆነ ቦታ የሰሙት ዓይነት መሰላቸው፤ ከጥንት ባለቅኔዎች የአንዱ ይሆናል ብለው ተዉት። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው የማዕበሉን ድምፅ እንደማይሰማው ሁሉ፣ እሳቸውም የመጋረጃውን ድምፅ መስማት ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አፈሩ፤ በእውነት አፈሩ። ደንቡን ያረቀቀ ሰው ከማሽን ሊሰርቅ። ግን ወንበሯ ትዝ አለቻቸው። በእጃቸው ገለበጡት፣ የደከሙበት እንዲመስልም እዚህም እዚያም ሰረዝ አድርገው ቀለም አፈሰሱበት።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ኮምፒዩተሩ «ሰው» አለ። ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ። ኡሲ ማኅተም መቱ፤ ተቃቀፍን፤ የሰው ልጅ ነፍስ ከአደጋ መውጣቷን የሚገልጽ መግለጫ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። ምዜ ማቻኖ ማሽን ማሽንን እንዳታለለላቸው እርግጠኛ ሆነው ላብ በላብ ሆነዋል። ሁለት ቃል እንዲናገሩ ሲጠየቁ «ከአንጀቴ ነው ያወጣሁት» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ስልኩም የነበረው እዚያው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

በኢድ ማግሥት፣ ከሰዓት ከሚሰገደው ከአሱር ሶላት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ዘፋኛችን ቢ ሪዚኪ ዘፈኑን ጀመረች። እንደ ልማዱ ቀድሞ ሊጨርስላት አፉን የከፈተው አዳራሽ፣ የሚመጣውን ስላላወቀው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቢ ዙወና ከመሃል ተነሣች። ኖቷን ከፍ አድርጋ ይዛ በዝግታ ወደፊት መጣች። ወደ ቀድሞ ባለጋራዋ ወደ ጎረቤቷ የምትሄድ መስሎን ነበር፤ አለፈቻት። ወደ ዘፋኟ ነው አልን፤ እሷንም አለፈቻት። የሸምበቆዋ ወንበር ፊት ስትደርስ ቆመች።

ምዜ ማቻኖ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ቀስቴን አቁሜ ሰማሁ።

«ዙወና፣ ባክሽ ተቀመጪ። ዘፈኑ የማሽን ነው፤ በስልክ ነው ያሠራሁት።»

«ዓሣውን ስቀቅል ያልኩህ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ የማድረግ ልማድ የላትም። «በውስጡ ያንተ የሆነው “ነገ ነገ” የሚለው ብቻ ነው። ሌላው የኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ነገርኩህ። ያ ስልክ በአንድ ቀን ሰማኝ።»

ምዜ ማቻኖ ቀና ብለው አዩዋት። ከንፈራቸው ስንኙን ቀስ ብሎ ደገመው፤ ከመጋረጃው ወዲያ በሚመጣው ድምፅ ሲሉት ያን ጊዜ ገባቸው። ቢ ዙወና ኖቷን ለዘፋኟ አልሰጠችም። አጣጥፋ እዚያችው የደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ከስልኩ ጎን ከተተችላቸው።

«አምፖል ግዛበት» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በመግለጫው ላይ አላካተትነውም። አዳራሹ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ኖት ይዛ ተነሣችና እያንዳንዷ ወደ ባልዋ ሄደች። የእኔዋ መድረክ ድረስ ወጥታ መጣች፤ ቫዮሊኑን ከፊቴ ማውረድ አልደፈርኩም።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ምዜ ማቻኖ ቆሙ። «ከማሽኑ የሰረቅኩ መስሎኝ አፍሬ ነበር፤ ለካ የሰረቅኩት ከቤቴ ነው። ወንበሩን ውሰዱት» አሉ። ኡሲ ግን ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበቡና ብይን ሰጡ። ዘፈኑ ከሰው አንጀት መውጣቱ ተረጋግጧል፤ ከየትኛው ሰው የሚለው ጥያቄ ከኮሚቴው ሥልጣን ውጪ ነው። ወንበሩ ጸና። በተጨማሪም የሰው ልጅን የፈጠራ አቅም በዘላቂነት ለማጎልበት፣ እያንዳንዱ አባል ስልኩን ከፍቶ ባለቤቱን በየጊዜው እንዲያስቆጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ድርሻዬን ልወጣ ቤቴ ገባሁ። ስልኬን ከሣህኑ አጠገብ አስቀምጬ ሩዙ ጨው የለውም አልኩ። ሚስቴ መጀመሪያ ስልኩን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ስሜ ከላይ ይጻፍና ከዚያ እቆጣለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በማሊንዲ በነጻ የምትቆጣ ሴት አልተገኘችም። የሴቶቹን ስም ዘፈን ላይ መጻፍ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ጥናቱ ቀጥሏል። በየቤታችን አስፈሪ ሰላም ሰፍኗል። ምዜ ማቻኖ አምፖሉን ገዝተዋል፤ ትልቁን። ቢ ዙወና በብርሃኑ ውስጥ ዓሣዋን ትቀቅላለች፤ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው ጠጋ ሲያደርጉ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች። ጥቂት ጠብቀው ወደ ምንጣፋቸው ይመለሳሉ፤ በመጋረጃው ሥር በሚያልፈው በዚያ ደማቅ ብርሃን ወረቀታቸውን ዘርግተው «ጨረቃ» ብለው ይጽፋሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እናንተም ታውቁታላችሁ።