የስንዱ ራኬትና የእናቴ ስለት

እህቴ ስፖርተኛ ናት ስል ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግሯን ነበር። «ሩጫ ነው አይደል?» አይደለም፣ ባድሚንተን ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ፣ ላባ የተሰካባትን ትንሽ ኳስ በመረብ ላይ ማመላለስ እንጀራ ይሆናል ብሎ ማን ያምናል? ስንዱ ግን ባሕር ዳር ካለ ክለብ ደሞዝ ይከፈላት ነበር።

ለእናቴ ነገሩ ጭራሽ አልተዋጠላትም። የጋፋት ገበሬ ልጅ ናት፤ ላባ የምታውቀው ዶሮ ስትነጭ ነው። ስንዱ ሕጉን ላስረዳሽ ስትላት «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ ታባርራታለች። እኩዮቿ ወልደው ከብደው እሷ ራኬት ይዛ መዞሯ ያንገበግባታል። በመጨረሻ ለማርያም ተሳለች። ልጄን ይህን ጨዋታ አስተዪልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ አለች። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡበት ውድድር ሲደርስ ስንዱ አንዴ መጥተሽ እዪኝ ብላ ለመነቻት። እንዴት እሺ እንዳለች እስካሁን ይገርመኛል። ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ሐሙሲትን እስክናልፍ «ላባ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ!» እያለች ስታጉረመርም ቆየች። አዳራሽ ገብተን ስንዱ መዝለል ስትጀምር ግን በነጠላዋ ወገቧን ታጠቀች። ከዚያማ ተነስታ «በያት! በያት ልጄ!» ስትል እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ለማለፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት ስንዱ ዘለለች። ስትወርድ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ መራመዱን ትራመጃለሽ፣ ውድድሩን ግን እርሺው አላት።

እናቴ እህል አልቀምስ አለች። «እኔ ነኝ የሰበርኳት» ትለኛለች። ስለቱን ብታስቀረው በወደደች። ግን የማርያም ስለት ይቀራል እንዴ? በዓሉ ደረሰና ጃንጥላውን ይዛ ሄደች። ስለቱን ለሕዝብ የሚያስነግሩት ቄስ ምን ተስለው ነበር ሲሏት እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወይዘሮ ጥሩነሽ ልጃቸው ጨዋታ እንድትተውላቸው ተስለው ደርሶላቸዋል፤ እልል በሉ!» አሉ። ሕዝቡ አቀለጠው። ክራንች ተደግፋ የቆመችው ስንዱ ነገሩን የሰማችው ያኔ ነው። እናቴ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። እልልታ እንዲህ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስንዱ እያነከሰች ወደ ፊት ሄደች። ከነጠላዋ ስር ጧፍ አወጣች። «እኔም ስለት አለብኝ አባ። እናቴ አንድ ቀን መጥታ ስጫወት እንድታየኝ ተስዬ ነበር» አለች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ ሰዉ የደስታ መስሎት እልልታውን ቀጠለ።

የለመኗትን የማትነሳ፣ የነገሯትን የማትረሳ ይባል የለ? እናቴ ዛሬም ማልዳ ትጸልያለች። ጸሎቷ ግን አጥሯል። «አንቺ እንደምታውቂው» ትላለች፤ ዝርዝር ውስጥ አትገባም።