የሮተንፉርት አምባሳደር በቻምብሊ

አውሮፓ ኖሮ አሜሪካ የገባ ሐበሻ አፉ እዚያው ይቀራል። ሮም የነበረው ማኪያቶ ባዘዘ ቁጥር ይቆዝማል። ስቶክሆልም የነበረው አትላንታ ላይ በረዶ ጠብ ባለ ቁጥር «ይሄ ደግሞ በረዶ ነው?» ይላል። እነሱስ ይሁን፣ ከተማቸውን ሰው ያውቀዋል። አትላንታ ጥግ ቻምብሊ የምትኖረው ሰልዋ ግን የባሰ ገጠማት። ከእሷ በታች ባለው አፓርታማ ያሉት ጋሽ ሰርፀ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ሮተንፉርት ነው።

ሮተንፉርት የት ነው ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያን ቀን ሥራ አይገባም። ጀርመን አገር፣ ቬዘር ወንዝ ዳር። ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት መንደሮች በግድ ተዋህደው አንድ ማዘጋጃ ቤት የሆኑባት። ቤተ ክርስቲያኑ በዚህ ማዶ፣ ባቡር ጣቢያው በዚያ ማዶ፣ ድልድይ የለ፣ መሻገሪያው አንድ ጀልባ። ለማዘጋጃ ቤቱ ዓርማ ዓሣ ይሁን ሲባል «የማን ዓሣ?» ተብሎ ስንት ዘመን ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት ዓሦች አስቀረጹና ተገላገሉ። ሰልዋ የወሎ ልጅ ናት፤ የደሴን ታሪክ እንኳ እንዲህ አታውቅም።

ክቡር አምባሳደሩ፣ በሆዷ የምትጠራቸው እንዲህ ነው፣ ለሁሉ ነገር «ሮተንፉርት ቢሆን ኖሮ…» አላቸው። የጎረቤታቸውን የመህዲን መኪና ቶው አድርገው ሲጎትቱበት እሳቸው በነጠላ ጫማ ወጡና «ሮተንፉርት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ በር ያንኳኩ ነበር» አሉት። ምስኪን መህዲ ሥራ እየረፈደበት የጀልባዋን ታሪክ ከነአሠራሯ ሰማ። በሌላዋ ጎረቤት በገሊላ ሠርግ ደግሞ መርቁ ተብለው ተነሡ። «ሁለቱ መንደሮች ሲዋሃዱ ማንም ደስ አላለውም ነበር» ብለው ጀመሩ። «ለዓመታት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። በኋላ ተላመዱ። እናንተንም እንዲሁ ያድርጋችሁ።» ታዳሚው ምን ያድርግ፣ አሜን አለ።

ጉዱ የመጣው ለአሜሪካ ዜግነት፣ ለሲቲዝንሺፕ፣ ፋይል ያደረጉ ጊዜ ነው። አረጋውያን ከምትጦርበት ነርሲንግ ሆም መልስ የምታስጠናቸው ሰልዋ ነበረች። ኢንተርቪው ገብተው ሲወጡ ፊታቸውን አይታ ገባት።

«ምን ጠየቁዎት?»

«ከአሜሪካ ረጃጅም ወንዞች አንዱን ጥቀስ አለችኝ ፈታኟ። ሚሲሲፒ ልል ነበር። ግን ወንዝ ከተነሣ…»

«ቬዘር አሏት?»

«ድልድይ እንደሌለውም ነገርኳት።»

የቀረውም ጥያቄ በዚያው ወንዝ ሄደ፤ ወደቁ። አሁን የቀረቻቸው አንዲት ዕድል ናት፤ እሷ ካለፈች እንደገና ከሀ ብሎ ማመልከት ነው።

ሰልዋ ተናደደች። «ጋሽ ሰርፀ፣ ሲሪየስሊ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሮተንፉርት አይነሣም።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ሮተንፉርት ሲቀር ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ አብሮ ጠፋ። የአሜሪካ ባንዲራ መስመሮች ስንት እንደሆኑ ብትጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በዚህ መሀል ስልካቸው ጮኸ። ጋሽ ሰርፀ ብድግ ብለው ቆመው በጀርመንኛ አወሩ፤ ከወዲያ ማዶ የምታወራው ድምፅዋ የሰለለ አሮጊት ነበረች።

«ወይዘሮ ሄድቪግ ናቸው» አሉ ሲጨርሱ። «ዘጠና አራት ሞላቸው። መቼ ትመጣለህ ይሉኛል። ባገሬ ፓስፖርት ብጠይቅ ቪዛ ከለከሉኝ። ያሜሪካን ከያዝኩ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ብቻ፣ እሳቸው ይጠብቁኝ እንደሆነ…»

ሰልዋ ወረቀቱን አስቀመጠች። «ማን ናቸው?»

ያኔ ነገሯት። ስደተኛ ሆነው እዚያ ሲደርሱ ማደሪያ አልነበራቸውም። ባዶ የቆመውን የጀልበኞች ቤት እንስጠው አንስጠው ብሎ የከተማው ምክር ቤት ተሰበሰበ። ስድስቱ ይሰጠው አሉ፣ ስድስቱ አይሆንም። ዐሥራ ሦስተኛው ጀልበኛው ነበር፣ የሄድቪግ ባል። ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ይሰጠው ብሎ እጁን አወጣ።

«ቋንቋውን ያስተማሩኝ ሄድቪግ ናቸው» አሉ። «የቋንቋ ትምህርት ቤት አልነበረም። ወንዝ ለወንዝ እየወሰዱኝ ያወሩኛል። ከከተማቸው ሌላ የሚያወሩት የላቸውም። ቃሉን የያዝኩት ከታሪኩ ጋር ነው ልጄ፣ አንዱን ስመዘው ሌላው ይከተለኛል።»

ሰልዋ ያን ሁሉ ዓመት የተሰላቸችበት ወሬ የሰው ውለታ መሆኑ ሲገባት አፈረች። ትንሽ አሰበች።

«ምክር ቤቱ ስንት ሰው ነበር አሉኝ?»

«ዐሥራ ሦስት።»

«ባንዲራው ላይስ ስንት መስመር አለ?»

ጋሽ ሰርፀ ቀና አሉ። «ዐሥራ ሦስት!»

«ትንሹም ስቴት ትልቁም ስቴት እኩል ሁለት ሴናተር የሚልኩት ለምን ይመስልዎታል?»

«ትንሿ መንደር እንዳትዋጥ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበትን ጦርነት ሲያጠኑ «ይኼኛው ማዶና ያኛው ማዶ» ብለው ያዙት፤ «እኛስ በዓሣ ብቻ ነው የተጣላን» ብለውም አዘኑላቸው።

በቀጠሮው ቀን ሰልዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አደረሰቻቸው፣ ፓርክ አድርጋም ጠበቀቻቸው። እንዲያልፉላት የለመነችውን ያህል ለራሷ ፈተና እንኳ አልለመነችም። ወጡ፣ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ቀበቶ አሰሩ።

«አለፍኩ» አሉ። «አላህ ይስጥልኝ የሚባለው እናንተ ዘንድ ነው አይደል? አላህ ይስጥልኝ ልጄ።»

እልል ልትል ከጅሏት ነበር፤ እንባ ቀደማት። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ቀበቶው እንዳሰራቸው ለመቆም ሲታገሉ አይታ ፈታችላቸው፤ ወርደው ቆሙና አወሩ። አሮጊቷ እየሳቀች አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀች።

«ምን ይላሉ?» አለች ሰልዋ።

«ልጅቷ እንዴት አድርጋ አስተማረችህ ነው የሚሉት።»

«ምን አሏቸው?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ አልኳቸው።»