ለእንግዳ የተረጨው ኩሬ

ድርቅ ክፉ ነው ይባላል። እንዲህ የሚሉት ግን ድርቁ የደረሰባቸው ሰዎች ስለሆኑ ቃላቸው ሙሉ በሙሉ አይታመንም። የአራዊት ጥበቃ ክፍል ተጠባባቂ ሹም አቶ አምባው የሚኖሩት ደጋው ላይ፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ ስለነበረ፣ ስለ ድርቅ ጋቢ ተከናንበው በሰከነ መንፈስ ለማሰብ የታደሉ ሰው ነበሩ። የሚጠብቋቸው ሳላዎች ደግሞ ታች ሚኤሶ ቆላ ውስጥ ናቸው። ጠባቂና ተጠባቂ እንዲህ ተራርቀው ሲኖሩ ጠብ የለም፣ መቀያየም የለም፤ ክፍሉም በዚሁ ሰላሙ ሲመሰገን ኖሯል።

ሳላ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የተኳለ የሚመስል የቆላ አውሬ ነው። ድሮ ሜዳውን ይሞላው ነበር አሉ። ዝናቡ በላይ በላዩ ሲከዳ ግን ብዙው አለቀና የተረፉት ጥቂቶች ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለች አንዲት ኩሬ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ኩሬዋን እየላሱ፣ ዳሯ በበቀሉት ግራሮች ጥላ ሥር ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

አቶ አምባውም በበኩላቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ የእሳቸው ለሹመት ነው። «ተጠባባቂ» የምትለው ቃል ከስማቸው ፊት ከተለጠፈች ብዙ ዘመን ሆናት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምሸት፣ «ጎረቤቱ ሁሉ ቋሚ ሆነ፤ የእኔ ባል ምን ቀርቶት ነው የሚጠባበቀው?» እያሉ ራት በቀረበ ቁጥር ያነሱባቸዋል። እናም አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ክቡር ዋና ሹም ሳላዎቹ ከድርቁ መትረፋቸውን በዓይናቸው ሊያዩ በባቡር ይመጣሉ ተባለ። አቶ አምባው ወሬውን ሲሰሙ ለወይዘሮ ዓለምሸት ሊነግሩ ወደ ቤት ሮጡ። ሳላዎቹ ከታዩ ቋሚነቱ እጃቸው ገባ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ኩሬዋ ድርቆሽ ያስጭን ነበር። አርቆ አሳቢ ሹም ግን አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አቀባበሉ ነው። አቶ አምባው ጥላቸውን ይዘው ሚኤሶ ወረዱና የቆላውን ዘበኛ አብዱልቃዲርን አስጠሩ።

«አብዱልቃዲር፣ ከጣቢያው እስከ ኩሬው ያለው መንገድ አቧራ ነው።»

«ቆላ አይደል ጌታው፤ ካልጠፋ ነገር አቧራ ምን ይጠፋል?»

«ክቡርነታቸው ነጭ ልብስ ነው የሚለብሱት። መንገዱ ውሃ ይረጭ።»

«ውሃ ከየት?»

«ከኩሬው ነዋ!»

«አቦ ጌታው! እሱ የሳላዎቹ ነው እኮ። እኛ እንኳ ግመሎቻችንን ሌላ ቦታ ወሰድን፣ ለነሱ ብለን።»

«እኛስ ለማን ነው የምንደክመው? እንግዳው የሚመጣው እነሱን ብሎ አይደለም? ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ አቧራ ቢቅም ሐፍረቱ የማን ነው? የእነሱ ነው!»

አብዱልቃዲር «ሱብሃነላህ» አለና አህዮቹን ሊጭን ሄደ።

የመርጨቱ ሥራ በታላቅ ትጋት ተጀመረ። የቆላ ፀሐይ የአቀባበል ሥርዓት አታውቅምና፣ አህዮቹ ሌላ በርሜል ይዘው እስኪመለሱ የተረጨውን ታደርቀዋለች። ይረጫል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይረጫል። ቀጥሎ የክብር ቅስት አስፈለገ፤ ቅስት ደግሞ ያለ ለምለም ቅጠል ቅስት አይባልም። በሚኤሶ ዙሪያ አረንጓዴ የቀረው የኩሬዋ ዳር ግራር ብቻ ነበር፤ ተቆረጠ። ከቅስቱ የተረፈው ቅርንጫፍ ክቡርነታቸው አረፍ የሚሉበት ዳስ ተሠራበት። ግራሮቹ ድሮም ጥላ ነበራቸው፤ ነገር ግን ማን እንደሚቀመጥበት ያልተወሰነ፣ ባለቤት የሌለው ጥላ ነበር። አሁን ሥርዓት ያዘ።

ቀኑ ደረሰ። አቶ አምባው ማለዳ ጣቢያው ላይ ቆመው መንገዱን ሲመለከቱ ደስታቸው ወሰን አጣ። ወዲያው ግን ከመንገዱ ጫፍ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አዩ። ሳላዎቹ ነበሩ። የራቃቸውን ውሃ ሽታ ተከትለው፣ እርጥቡን አፈር እየላሱ፣ አጥንታቸው በቆዳቸው ላይ እየተቆጠረ እስከ ቅስቱ ድረስ መጡ። አንዲት እናት ከነግልገሏ አንገቷን አስግጋ የቅስቱን ቅጠል ትቀነጥብ ጀመር።

አቶ አምባው እስከዚያን ዕለት ሳላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር አምረዋቸዋል፤ አሳዝነዋቸዋልም። 

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አብዱልቃዲር እየሮጠ መጥቶ። «ራሳቸው መጡልዎ ጌታው! ባቡሩም እያፏጨ ነው፤ እንግዳው ወርደው እዚሁ ይዩዋቸው!»

አቶ አምባው ግን በጭቃው ላይ የታተመውን ኮቴ አዩ፤ የተገመሰውንም ቅስት አዩ። ሐዘኔታቸው ወዲያው ተነነ።

«በፕሮግራሙ መሠረት የሚታዩት ኩሬው ዳር ነው! እዚህ ማን ጠራቸው?»

«ጠምቷቸው ነዋ ጌታው።»

«ደግሞስ ቅስት ሲበሉ ቢታዩ ሰው ምን ይላል? አስርበዋቸው ነው አይልም?»

ይህን ብለው ጥላቸውን እያወዛወዙ ራሳቸው አባረሯቸው። ሳላዎቹ ሐዲዱን ተሻግረው በአሰቦት ተራራ አቅጣጫ ጠፉ። ግልገሏ አንዴ ዘወር ብላ አየችና እናቷን ተከተለች።

ባቡሩ ገባ። ክቡርነታቸው አንዲት ቅንጣት አቧራ ሳትነካቸው በቅስቱ ሥር አልፈው ኩሬው ዳር ደረሱ። ኩሬው ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው።

«እንስሳቱ የታሉ?»

«አሁን... አሁን ነበሩ፣ ክቡርነትዎ።»

«ውሃቸውስ?»

«የመጡበት መንገድ ላይ ነው የተረጨው፣ ለክብርዎ» አሉ አቶ አምባው፤ ድምፃቸው እውነትም ኩራት ነበረበት። «ዳሱም ከዚሁ ከግራሮቹ ነው።»

ክቡርነታቸው የተቆረጡትን ጉቶዎች፣ ቀጥሎም ንጹሕ ጫማቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አቶ አምባው፣ እንዲህ ያለ ሰው ተጠባባቂ ተብሎ መቆየቱ በደል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሹም ሆነዋል።»

አቶ አምባው መሬት እስኪነኩ እጅ ነሡ።

«ደጋ ላይ መቀመጥዎም አይገባም። መቀመጫዎ እዚሁ ኩሬው ዳር ይሁን፤ ሳላዎቹ እስኪመለሱ ድረስ።»

አጃቢዎቻቸው አጨበጨቡ፤ ባቡሩም ክቡርነታቸውን ይዞ ተመለሰ።

ወይዘሮ ዓለምሸት ባላቸው «ቋሚ» መባላቸውን ሰምተው ጎረቤት ጠርተው ደገሱ፤ ሚኤሶ መውረድ እንዳለ ሲሰሙ ግን እሳቸው አሰበ ተፈሪ እንደሚቀሩ አስታወቁ። ቋሚው ሹም ቅጠሉ በረገፈበት ዳስ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች። ከንፈራቸው ሲደርቅ፣ ያቺ እናት ግልገሏን ይዛ አሁን የት ትሆን ብለው አሰቡ።

«አብዱልቃዲር፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ጥቂት ውሃ ስጠኝ።»

አብዱልቃዲር ባዶውን በርሜል ዘቅዝቆ አሳያቸው።

«መንገዱ ጠጥቶታል፣ ጌታው።»